አዲስ አበባ ተቀምጬ የአሜሪካ ሲቲ ስካን ላንብብ?

ጥያቄ፦ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ፤ ሰብ ስፔሻሊቲዬ የሆድና የዳሌ ምስል ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ድርጅት ከቤቴ ሆኜ ሲቲና ኤምአርአይ እንዳነብለት ውል ልኮልኛል። እናቴ ስለታመሙ በዓመት አምስት ወር አዲስ አበባ ሆኜ ልሠራ አስቤያለሁ። ውሉ «ከየትኛውም ቦታ» ይላል። ችግር አለው?

መልስ፦ ዶክተር፣ እናትዎን እግዜር ይማርልዎ። ውሉን እንዳይፈርሙት፣ ትንሽ ይቆዩ።

ብዙ ሐኪም የሚያስበው ስለ ፈቃዱ ብቻ ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ታካሚው ቴክሳስ ከሆነ የቴክሳስ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠራው የግዛቶች የፈቃድ ስምምነትም መንገዱን ያሳጥርልዎታል።

ከባዱ ሜዲኬር ነው፤ በዋናነት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን። ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጠ አገልግሎት አይከፍልም። ታካሚው ባልቲሞር ተኝቶ፣ ማሽኑም እዚያው ሆኖ፣ እርስዎ ቦሌ ቁጭ ብለው የመጨረሻውን ሪፖርት ከፈረሙ ንባቡ የተሰጠው ቦሌ ነው። የሆድ ሲቲ ከሚነሱት ስንቱ ከ65 ዓመት በላይ እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ድርጅቱ ይህን እያወቀ ሜዲኬርን ካስከፈለ የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል የሚችል ሕግ አለ፣ ሪፖርቱ ሥር ያለው ስም ደግሞ የእርስዎ ነው።

መውጫ አለው። ሜሪላንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ነው። እርስዎ የሌሊቱን የመጀመሪያ ንባብ ይሰጣሉ፣ ሲነጋ አሜሪካ ያለ ሐኪም ምስሉን ራሱ አይቶ የመጨረሻውን ይፈርማል፣ ክፍያውም በእሱ ይጠየቃል። ግን ይሄ ሥራዎን ይቀይረዋል፤ ሌሊት የሚመጣው በብዛት ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ የጉበትና የፕሮስቴት ኤምአርአይ ቀርቶ ትርፍ አንጀትና የአንጀት መዘጋት ሲያዩ ሊውሉ ነው። የተማሩት ለዚህ ነው ወይ? እሱን እርስዎ ይወስኑ።

የሙያ ስህተት ኢንሹራንሱ ከአሜሪካ ውጭ የተነበበውን ይሸፍን እንደሆነ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ «አዎ፣ ይሸፍናል» ቢሉዎት እንዳያምኑ። አዲስ አበባ ከ183 ቀን በላይ ከቆዩ ደግሞ በኢትዮጵያ የግብር ሕግ ነዋሪ ይሆናሉ፤ አምስት ወር ያንሳል፣ ግን የእናት ሕመም ቀን አይቆጥርም። ከዚያ በታችም ቢሆን እዚያ ተቀምጠው የሠሩት ሥራ የግብር ጥያቄ ስለሚያስነሳ ሳይሄዱ የግብር ባለሙያ ያማክሩ።

አሁን ለድርጅቱ ኢሜይል ይጻፉ። «ከየትኛውም ቦታ» የሚለው ይውጣና «ኢትዮጵያ በምሆንባቸው ወራት የመጀመሪያ ንባብ ብቻ እሰጣለሁ» ይባል። እምቢ ካሉ አይፈርሙ።