ስለ ሪክ ሞራኒስ የትወና ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ካናዳዊው የኮሜዲ ተዋናይ ስለ ሪክ ሞራኒስ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች በየተራ መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሞራኒስ የመናፍስትና የጠፈር ፊልሞች ተዋናይ ለመሆን የበቃው እንዴት ነው?

መልስ፦ ሞራኒስ በ1953 በቶሮንቶ ተወለደ፤ ሥራውን የጀመረውም በከተማዋ የራዲዮ ጣቢያዎች ነው። በ1980 «ኤስሲቲቪ» የተባለውን የካናዳ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ተቀላቀለ። በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው ግን በ1984 የወጣው፣ መናፍስትን ስለሚያድኑ ሰዎች የሚተርከው «ጎስትበስተርስ» የተባለው ፊልም ነው። የሒሳብ ባለሙያው የሉዊስ ተሊ ሚና በመጀመሪያ የታሰበው ለኮሜዲ ተዋናዩ ለጆን ካንዲ ነበር፤ ካንዲ ሳይቀበለው ሲቀር ለሞራኒስ ደረሰው። ሉዊስ በቤቱ ባዘጋጀው ግብዣ ላይ ከእንግዳ ወደ እንግዳ እየተዘዋወረ ስለ ሳልመን ዓሣው ዋጋና ድግሱ ከግብር እንዴት እንደሚቀነስለት ሲያወራ ካሜራው ሳይቋረጥ ይከተለዋል፤ ንግግሩንም አብዛኛውን ሞራኒስ እዚያው የፈጠረው ነው። ብዙም ሳይቆይ አውሬ ያባርረውና በምግብ ቤት መስታወት ላይ ተለጥፎ የድረሱልኝ ጩኸት ያሰማል፤ ተመጋቢዎቹ ለአፍታ ቀና ብለው ካዩት በኋላ ወደ ሳህናቸው ይመለሳሉ። ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ሰው ሞራኒስን የወደደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፦ አውሬውን ከልቡ ይፈራዋል፣ አንድም ጊዜ ለተመልካቹ «ይህ ቀልድ ነው» የሚል ምልክት አይሰጥም።

ጥያቄ፦ በ1986ቱ «ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ» ላይ ሰው ከምትበላው ተክል ጋር የሚያወራው በኮምፒውተር ቅንብር ነው?

መልስ፦ አይደለም። ተክሏ በሰዎች እጅ የምትንቀሳቀስ ትልቅ አሻንጉሊት ነበረች፤ ድምፅዋን የሰጣት ደግሞ «ፎር ቶፕስ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ቡድን ዘፋኝ ሊቫይ ስተብስ ነው። ከንፈሮቿ ከመክበዳቸው የተነሳ ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር እኩል ሊሄዱ ስላልቻሉ፣ ዳይሬክተሩ ፍራንክ ኦዝ አንዳንዱን ትዕይንት በሰከንድ በ24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ፈንታ በ16 ወይም በ12 ፍሬም ቀርጾ በመደበኛው ፍጥነት እንዲታይ አደረገ፤ እንዲህ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ሲታይ ይፈጥናል። ስለዚህ ሞራኒስ ከተክሏ ጋር በአንድ ምስል ውስጥ ሲሆን ዓይኑን የሚያርገበግበውም፣ የሚዞረውም፣ ከንፈሩን ከዘፈኑ ጋር የሚያስማማውም በዝግታ ነበር። ይህን አውቃችሁ ፊልሙን ዳግም ብታዩት እንኳ ዝግታው የሚታይበት ቦታ አታገኙም፤ በእኔ እምነት ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀው ይኸኛው ነው።

ጥያቄ፦ በገበያ ረገድ ትልቁ ፊልሙ የትኛው ነው?

መልስ፦ በመሪነት ከተወነባቸው መካከል በ1989 የወጣው «ሃኒ፣ አይ ሽራንክ ዘ ኪድስ» ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ከ220 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በስህተት ልጆቹን ያሳነሳቸው ፈልሳፊ አባት፣ የቁርሱን ማንኪያ ወደ አፉ ሲያነሳ በእህሉ መሃል ወንድ ልጁ ሲጮኽ የሚታይበት ትዕይንት ዛሬም ትንፋሽ ያስይዛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ለምን ጠፋ? ሆሊውድ ገፍቶት ነው?

መልስ፦ ማንም አልገፋውም። ባለቤቱ በ1991 በጡት ካንሰር አረፈች፤ ሁለት ሕፃናት ልጆቹን ለብቻው የማሳደግ ኃላፊነት በእሱ ላይ ወደቀ። ለተወሰኑ ዓመታት ሥራውንና ቤቱን ጎን ለጎን ለማስኬድ ሞከረ፣ ነገር ግን ጉዞውና ልጅ ማሳደጉ አልጣጣም ስላሉት ከ1997 በኋላ ካሜራ ፊት መቆሙን ተወ። ኋላ ላይ ሲጠየቅ እረፍት ወስዶ እንደነበርና እረፍቱ እየረዘመ እንደሄደ አስረድቷል። ይህን ውሳኔውን «ውድቀት» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ልጆቹን መምረጡ ለእኔ ከፊልሞቹ ያላነሰ ክብር የሚገባው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ ከነጭራሹ አልራቀም፤ በ2003 «ብራዘር ቤር» ለተባለው የካርቱን ፊልም ድምፁን ሰጥቷል። በ2016 በወጣው አዲሱ «ጎስትበስተርስ» እንዲታይ የቀረበለትን ግብዣ ግን አልተቀበለም። በ2025 ደግሞ የጠፈር ኮሜዲው የ«ስፔስቦልስ» ተከታይ ፊልም እንደሚሠራና እሱም እንደሚመለስበት ተነግሯል። የ1987ቱን የመጀመሪያ ክፍል ያላያችሁ ከወዲሁ እዩት፦ ሞራኒስ የሚጫወተው፣ ከትከሻው የሚሰፋ ጥቁር የራስ ቁር የደፋው አስፈሪ የጠፈር አዛዥ፣ ብቻውን ሲሆን ቁጭ ብሎ በአሻንጉሊቶች ይጫወታል፤ የበታቹ በድንገት ሲገባበትም እንደ ሕፃን ይደነግጣል።