ማዮማ በላፓራስኮፒ ይወጣል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ «ጎንደር ነኝ፣ ማዮማ አለብሽ፣ ሆድሽ ተከፍቶ ይውጣ አሉኝ፣ በላፓራስኮፒ አይሆንም ወይ?» ብለሻል። ይሆናል። ማዮማ ማህፀን ላይ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ እጢ ነው፤ ላፓራስኮፒ ደግሞ ሆድ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው የሚሰሩት ኦፕራሲዮን ነው። የኔ በላፓራስኮፒ ወጥቷል፣ ማህፀኔም አልተነካብኝም። እኔንም እንዳንቺው ነበር ያስፈራሩኝ።

1ኛ፦ መጠኑን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ፣ የት እንደተቀመጠ ጠይቂ። ወደ ማህፀን ውስጥ የገባ ከሆነ ሆድሽ ሳይቀደድ በታች በኩል በካሜራ ይወጣል፣ ሂስትሮስኮፒ ነው። ግድግዳው ላይ ወይም ከውጭ በኩል ከሆነ ላፓራስኮፒ ይታሰባል። በጣም ከተለቀ ወይም ከበዛ ግን መክፈቱ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

2ኛ፦ ወረቀትሽ ሁሉ በእጅሽ ይሁን! እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የታየሁበት ክሊኒክ የኤምአርአይ ፊልሜን ስጠይቅ ካርድ ክፍል ያለችው ሴት «ዶክተሩ ሳይፈቅድ አይወጣም» አለች። ዶክተሩ የለም፣ ነገ ነይ፣ ከሰዓት ነይ። አልፋ ተርፋም ሰው ፊት «የቀዳዳ ኦፕራሲዮን ለሐሞት ጠጠር ነው፣ ለማህፀን ማን ይሰራልሻል» ብላ አመናጨቀችኝ። ፊልሙን ሳይሰጡኝ ቀሩ፣ አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና ከፍዬ ኤምአርአይ ተነሳሁ። ያ ብር እስከዛሬ ያንገበግበኛል። የሰራልኝ ሀኪም ይህን ሲሰማ በጣም ተናደደ። ትርፍ አንጀትን በላፓራስኮፒ መጀመሪያ ያወጣው ጀርመናዊው ኩርት ሴም ራሱ የማህፀን ሀኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ብሎ ነገረኝ። እሷ ይህን ብትሰማ ደስ ባለኝ።

ሀኪሙን ደግሞ አትፍሪው። ስንት እንደሰራ፣ መሃል ላይ ካልሆነለት ይከፍት እንደሆነ፣ ማህፀኑን እንዴት እንደሚሰፋው ጠይቂው። ስራውን የሚያውቅ ሀኪም በዚህ አይቆጣም፣ የኔው ወረቀት ላይ እየሳለ ነው ያስረዳኝ። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ እምብርት ላይ ነው። ሆድሽን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፉታል፣ ስትነቂ ትከሻሽን ቢያምሽ ከጋዙ ነው፣ አትደንግጪ፣ ይለቅሻል። እኔ ልቤ መስሎኝ እናቴን አስለቅሻታለሁ።

መጀመሪያ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚሰራ ሀኪም መኖሩን ጠይቂ። ከሌለና ጤና መድን ካለሽ ሪፈር ሳታጽፊ አዲስ አበባ እንዳትሄጂ፣ ወጪው ባንቺ ላይ ይወድቃል።

ከሆስፒታል ስትወጪም የማህፀንሽ ግድግዳ ምን ያህል እንደተቆረጠ ወረቀትሽ ላይ ይጻፍልሽ። ነገ ስታረግዢ በምጥ ትውለጅ ወይስ በኦፕራሲዮን የሚለውን ሀኪሙ የሚወስነው ያን አይቶ ነው። የባዮፕሲ (የወጣው እጢ የላብራቶሪ ምርመራ) ውጤትሽንም ሳትቀበዪ አትቅሪ። ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ በውስጥ ጻፊልኝ።