«ለጋዜጠኛ ብቻ ነው» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ለሰፈራችን ኮብልስቶን ብር አዋጥተን ሥራው ግማሽ ላይ ቆመ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ወረዳውን ብጠይቅ «መረጃ የምንሰጠው ለጋዜጠኛ ነው» ብለው መለሱኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ! በጣም ነው የሚያናድደው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ በዝርዝር፣ መረጃ የመጠየቅ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥተዋል። በቃል እየተመላለስክ አትድከም። የምትፈልገውን ሰነድ ለይተህ ጻፍ፣ ለሕዝብ ግንኙነቱ ስጥ፣ ቅጂው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርም፤ በኋላ የምትከራከረው በዚህች ወረቀት ነው። በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው፤ ከከለከሉህም ምክንያቱን በጽሑፍ። ካልሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል። ከዚያም ፍርድ ቤት አለ።