ከሳይቴሽን ቁጥር በፊት፦ ለወጣት ተመራማሪዎች

ልጆቼ፣

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቴዎድሮስ ካምፓስ የማገኛችሁ የሶፍትዌር ምህንድስና ወጣት መምህራንና የማስተርስ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ሳይቴሽን እንዴት ነው የሚጨምረው?» ሳይቴሽን ማለት ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፋችሁን በጽሑፋቸው ሲጠቅሱት ነው። ጥያቄው አያስከፋኝም። የደረጃ ዕድገቱም፣ ስኮላርሺፑም፣ የምርምር ገንዘቡም ከዚህ ቁጥር ጋር መያያዙን አውቃለሁ። ምን እንደሚለካ ሳያጣሩ ቁጥሩን ማሳደድ ግን የብዙ ጎበዝ ልጆችን ጊዜ በልቷል።

የተመራማሪን ሥራ በሳይቴሽን የሚለካውን ኤች-ኢንዴክስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ዐሥር ፔፐር ካላችሁና አራቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አራት ጊዜ ከተጠቀሱ፣ አምስት ጊዜ የተጠቀሱ አምስት ፔፐሮች ግን ከሌሏችሁ፣ ኤች-ኢንዴክሳችሁ 4 ነው። ከአራቱ አንዱ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም ያው 4 ነው። የሶፍትዌር ምህንድስና ሊቁ ዴቪድ ፓርናስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሶፍትዌር በሞጁል (ለየብቻ በሚሠሩ ክፍሎች) እንዴት ይከፋፈል በሚለው ላይ ያሳተመው ጽሑፍ ስድስት ገጽ ብቻ ነው። ወደፊት ሊለወጥ የሚችለውን ውሳኔ በአንድ ሞጁል ውስጥ ደብቁት ይላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ይህንኑ እናስተምራለን። በደራሲው ኤች-ኢንዴክስ ላይ ግን ከአንድ በላይ ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ቁጥሩን እወቁት፣ አትናቁት፣ ግን የሥራችሁ ዳኛ አታድርጉት።

ራሳችሁን ከጤና ሳይንስ ባልደረቦቻችሁ ጋርም አታወዳድሩ። የዩኒቨርሲቲያችን መነሻ የጤና ኮሌጅ ስለሆነ ንጽጽሩ ሁልጊዜ በአቅራቢያችን ነው። በሕክምና አንድ ጽሑፍ ብዙ ደራሲና ብዙ አንባቢ ይኖረዋል። በሶፍትዌር ምህንድስና ደግሞ ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ከጆርናል እኩል ይከበራሉ፤ ይህን የማያውቅ ገምጋሚ ሲገጥማችሁ በትሕትና አስረዱት።

ጎንደር የትርጓሜ አገር ናት። የአንድምታ መምህር ሲያስተምር የቀደሙትን ሐሳብ «አንድም» እያለ በየተራ ያቀርባል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች የሚለያዩበት ካለም ለይቶ ያሳያል። ሌላውን መጥቀስ እንዲህ ያለ ሥራ ነው። «ብዙ ጥናቶች ተደርገዋል» ብሎ ሃያ ስም መደርደር ማንንም አይጠቅምም። ያ ሰው ምን አደረገ? የት ላይ ቆመ? እናንተ ከየት ቀጠላችሁ? ይህን የሚመልስ አንድ አንቀጽ ከሃያው ስም ይበልጣል።

ከጓደኛ ጋር ተስማምቶ «ጥቀሰኝ፣ ልጥቀስህ» መባባል ማታለል ነው። ሌላ ስም የለውም። በኢሜይል እያሞገሰ «በሳምንት ውስጥ እናትምልሃለን፣ ክፍያው በዶላር ነው» የሚል ጆርናል ሲመጣም መልስ አትስጡ። ጽሑፋችሁን በትክክል የሚያነብ ገምጋሚ በሳምንት አይጨርስም፤ እዚያ የወጣ ጥሩ ሥራም አብሮ ይረክሳል።

አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጨምር፤ እኛን አበሾችን በተለይ ይጎዳል። «ጸጋዬ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። በአንዱ ፔፐር እንዲህ፣ በሌላው እንዲያ ከጻፋችሁት ሥራችሁ የሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል፣ ሳይቴሽኑም ይከፈላል። የመረጃ ቋቶቹ የአባታችሁን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱትም የአባት ስም ከሚጋራችሁ ሌላ ሰው ጋር ልትምታቱ ትችላላችሁ። ከመጀመሪያው ፔፐር በፊት አንድ አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ (ORCID) ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱን ባለ 16 አሃዝ መለያ በነጻ ይሰጣል፤ ዛሬውኑ አውጡ።

ርዕስ ስትመርጡ ደግሞ ደጃችሁን ተመልከቱ። አንድ ታካሚ የተወለደበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይናገራል፤ ዳታቤዙ የሚቀበለው በአብዛኛው የፈረንጁን ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ሕፃን ሲመዘገብ ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? ዕድሜው ሲሰላስ? አንዱ ጸሐፊ ስሙን በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ቢጽፈው ካርዱ ይገኛል? እነዚህ እውነተኛ የሶፍትዌር ፍተሻ ጥያቄዎች ናቸው። ከእኛ የተሻለ የሚያውቃቸው የለም፤ የራሳቸው ዘመን አቆጣጠርና ፊደል ያላቸው ሌሎች አገሮችም መልሱን ይፈልጉታል። ውጭ አገር የተሠራን ጥናት በሌላ ዳታ እንደገና መሥራት ነውር የለውም፣ እኔ ግን የጳጉሜንን ጥያቄ የያዘ ተማሪ ቢመጣልኝ በደስታ አማክረዋለሁ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ኮዱንና ዳታውን ሌላው ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ አስቀምጡ፤ የታካሚ መረጃ ካለበት ግን ማንነት የሚገልጸውን ሁሉ አውጡለት። የተጠቀማችሁበትን ሶፍትዌር ቨርዥን ጻፉ። ወደ ጆርናሉ ከመላካችሁ በፊት ኮዱን ከመመሪያው ጋር ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛ ስጡትና አጠገቡ ሳትቀመጡ ያስኪደው። የተቸገረበትን ቦታ ይጻፍላችሁ፤ መመሪያውን አስተካክሉና ለሌላ ጓደኛ ደግማችሁ ስጡ።