«ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ብሎ መጻፍ ለምን አይበቃም?

እህታችን፣ ጥያቄሽን ለአንባቢ ባጭሩ እናስታውስ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስ እያስተማርሽ ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ ነሽ፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። ስለ ባህል፣ ብዝኃነትና አድልዎ ለፖርትፎሊዮሽ (ሥራሽን ለምትሰበስቢበት ማኅደር) የጻፍሽውን ገጽ መምህርሽ «ይህ ስለ ክፍልሽ ምንም አይነግረኝም» ብለው መልሰውልሻል። ልታመለክቺበት ያሰብሽው ትምህርት ቤትም በቃለ መጠይቅ ይህንኑ እንደሚጠይቅ ሰምተሻል። «ለማንም አላዳላም፤ ሌላ ምን ልበል?» ትያለሽ።

ከልብሽ እንደጻፍሽው አንጠራጠርም። ግን በ40 ደቂቃ ውስጥ ማንን እንደጠየቅሽ፣ ማንን እንዳመሰገንሽ፣ ማንን እንደተቆጣሽ በቃልሽ ልትይዢው አትችዪም። ስለዚህ በወረቀት ይያዝ። ፕራክቲከም አብራሽ የወጣች ጓደኛሽን ከኋላ አስቀምጫትና የክፍሉን የመቀመጫ ንድፍ ስጫት። ልጅ ስትጠይቂ በቦታው ላይ «ጥ»፣ ስታመሰግኚ «ም»፣ ስትቆጪ «ቁ» ትጻፍ። በሦስት የተለያዩ ቀናት ይደገም፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ቆጠራ የዚያን ቀን ሁኔታ ብቻ ነው የሚያሳየው። ምን እንደጠረጠርሽ አትንገሪያት፤ ካወቀች ዓይኗ እሱን ብቻ ይፈልጋል።

ውጤቱን ስታዪ ወዲያው ራስሽን አትውቀሺ። 50 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል የመምህር ዓይን ከፊት ዴስኮችና ከመሃል ረድፍ ላይ ነው የሚውለው። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ቦታ አቀያይሪና እንደገና አስቆጥሪ። ምልክቱ ከዴስኩ ጋር ከቀረ ችግሩ የቆምሽበት ቦታ ነው፤ እየተዘዋወሩ ማስተማር ብዙውን ያስተካክለዋል። ልጁን ተከትሎ ከሄደ ግን ጉዳዩ በአንቺና በልጁ መካከል ነው፦ ወይ ዝቅ አድርገሽ ገምተሽዋል፣ ወይ እሱ አፍሮ እጁን አያወጣም፣ ወይም ሁለቱም። መምህርሽ ማንበብ የፈለጉት ይህንን ይመስለናል።

ጓደኛሽ አንድ ተጨማሪ ነገር ትመዝግብ፤ ጠይቀሽ መልስ እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደምትታገሺ። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እንዳሳየችው፣ መምህራን በአብዛኛው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ደካማ ነው ብለው ለገመቱት ልጅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ወደ 3 ሰከንድ ሲረዝም መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። በሆድሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ። መጀመሪያ ላይ ዝምታው ይከብድሻል፣ እጃቸውን ያወጡትም «ቲቸር! ቲቸር!» እያሉ ይረብሻሉ፤ ለእነሱ ብለሽ አታሳጥሪው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጪው የምንልሽ የቋንቋን ጉዳይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ ከወላይታ ወይም ከኦሮሚያ ወደ ክፍልሽ የመጣ ልጅ እስካሁን ሒሳብን በላቲን ፊደል በሚጻፍ ቋንቋ ተምሮ፣ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አውቆት ሊሆን ይችላል። «አንድ ነጋዴ 3 ኩንታል ጤፍ ገዝቶ…» የሚለውን ጥያቄ ባዶ ቢተወው ደካማ ነው ለማለት አትቸኩዪ። ያንኑ ስሌት በቁጥር ብቻ ጽፈሽ ስጪው። ከሠራው ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ያስቸገረው ዐረፍተ ነገሩ ነው፣ ድጋፉም የንባብ መሆን አለበት። በሳይንስ ፈተናም «ሀ» እና «ሐ» ተለዋውጠው ቢገኙ ማርክ አትቀንሺ፤ የምትለኪው ሳይንሱን ነው።

በአነጋገሩ ክፍሉ ሲስቅበት ቃሉን እያረምሽ አታስደግሚው፤ ሳቁን በእጥፍ ታመጪበታለሽ። መልሱን ተቀብለሽ ሰሌዳው ላይ ጻፊውና ቀጥዪ። በሰው አነጋገር መሳቅ ክልክል መሆኑን በማግስቱ፣ ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ ለሁሉም ተናገሪ። ስሙንም እሱ በሚጠራው መንገድ ጥሪው፤ ከበደኝ ብለሽ ሌላ ስም አታውጪለት።

እርማት ላይ ጓደኛሽ የእያንዳንዱን ወረቀት ስም ሸፍና የዘፈቀደ ቁጥር ትስጠው፤ የስም መጥሪያው ቁጥር አይሆንም፣ ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽና። የሁሉንም 1ኛ ጥያቄ ጨርሰሽ ወደ 2ኛው እለፊ። ከዚያ አሥር ወረቀት ማርክሽን ሳታይ ታርምልሽ። ከ10 ውስጥ ከአንድ ነጥብ በላይ የተለያያችሁበትን አብራችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእጅ ጽሕፈት ንጽሕና ያመጣው ማርክ ነው።

ክፍል መጥረግ ለሴቶች፣ ዴስክ መሸከም ለወንዶች እየተሰጠ ከሆነ በተራ አድርጊው። ቲዩቶሪያል የዓርብ ጁምዓ ሰዓት ላይ እንዳይወድቅ፣ የሚጾሙ ልጆችም በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም በስፖርት ክፍለ ጊዜ እንዳይጎዱ ፕሮግራሙን ቀድመሽ እዪ።

ኅዳር 29 በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የባህል ልብስ ለብሰው ያሳዩትን ጭፈራ ግን ዋና ምሳሌሽ አታድርጊው። ዝግጅቱ ያምራል፤ የሌሎቹን ቀናት ክፍለ ጊዜ ግን አያሳይም። አንድን ልጅ አስነስቶ «ስለ እናንተ ባህል ንገረን» ማለትም ልጁን ሳይጠየቅ የሕዝብ ወኪል ያደርገዋል፤ ሊናገር ከፈለገ ራሱ ይምረጥ።

ገጹን ስትጽፊ በቆጠራው ጀምሪ። ለምሳሌ፦ «በሦስት ክፍለ ጊዜ ካቀረብኳቸው 60 ጥያቄዎች 41ዱ የተጠየቁት የፊት ሁለት ረድፎች ናቸው። ቦታ አቀያይሬና እየተዘዋወርኩ ሳስተምር 29 ሆነ። አራት ልጆች ግን አሁንም አልተጠየቁም።» ቁጥሩን በራስሽ ተኪው። ያልተፈታውን አትደብቂ፤ የሚያሳምነው እሱ ነው። የልጆቹን ስምና ብሔር አትጻፊ፤ «ተማሪ ሀ» ይበቃል።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ወላጅ መጥቶ ልጄን ከዚያ ልጅ አጠገብ አንሽልኝ ቢልሽስ?» ሊሉሽ ይችላሉ። እዚያው እሺ እንደማትዪ፣ ምክንያቱን በአክብሮት እንደምትሰሚ ንገሪያቸው። የማየት ችግር ወይም ጥቃት ካለ ያንኑ ዕለት እርምጃ ትወስጃለሽ። ምክንያቱ የልጁ ቋንቋ፣ ሃይማኖት ወይም ድህነት ከሆነ ግን መቀመጫ ለሁሉም በየሳምንቱ በተራ እንደሚቀያየር ታስረጃለሽ፣ ልጁን አታነሺም፣ ጉዳዩንም ለርዕሰ መምህሩ ታሳውቂያለሽ።