የከተማ በጀት ሰነድ ሲደርስዎ ከገቢው ገጽ ይጀምሩ

«ለከተማችን ምክር ቤት በቅርቡ ነው የተመረጥኩት። በጀቱ ሊጸድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወፍራም ሰነድ ሰጡን። እነዚህ ቁጥሮች ከየት ነው የሚመጡት? ምኑንስ ልጠይቅ?» ብለው ለጠየቁን እህታችን፦

እኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ የፋይናንስ ክፍል 12 ዓመት በጀት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርዎት።

ደስ የማይለውን ላስቀድም። ሰነዱ እጅዎ ሲገባ ዋናው ውሳኔ አልቋል። ሥራው የሚጀመረው አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ አምስት ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ፋይናንስ ገቢውን ይገምታል። ለየክፍሉ ጥያቄያችሁን አቅርቡ የሚል የበጀት ጥሪ ይልካል፤ ከጥሪው ጋር ጣሪያ፣ ማለትም ክፍሉ ሊያልፈው የማይችለው የገንዘብ መጠን፣ አብሮ ይሄዳል። ክፍሎቹ ጥያቄያቸውን ያመጣሉ፣ በበጀት ስሚ (ጥያቄያቸውን በሚያስረዱበት ስብሰባ) ይከራከራሉ፣ ይቆረጥባቸዋል። ከንቲባው ካየው በኋላ ወደ እናንተ ይመጣል። ክርክሩን በማጽደቂያው ቀን ከጀመራችሁት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ለሚቀጥለው ዓመት ጣሪያው ከመላኩ በፊት ፋይናንስ ቢሮ ጎራ ይበሉ።

ዘንድሮስ? ሰው ሁሉ ወጪውን ነው የሚያየው። እኔ የማንንም ከተማ በጀት ከገቢው ገጽ ነው የምጀምረው። አገር ቢጎድልባት ተበድራ ደመወዝ ትከፍላለች። ትንሽ ከተማን ግን በብዙ ቦታ ሕጉ ለዕለት ወጪ እንድትበደር አይፈቅድላትም። ወጪና ገቢ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል አልሆን ሲሉ ወጪ መቁረጥ ጠላት ያፈራል። ገቢውን ማሳበጥ ግን ማንንም አያስቀይም፣ ለጊዜው።

እኛም ሠርተነዋል። አንድ ዓመት አንድ መንገድ በጀቱ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ገንዘቡ የለም። ስብሰባው መሸ። በመጨረሻ ከግንባታ ፈቃድ ይገባል ያልነውን ገቢ ከፍ አደረግነው። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ተመጣጠነ፤ ቤታችን ሄደን ተኛን። ግንባታው ግን ያን ዓመት ቀዘቀዘ። ግማሽ ዓመት ላይ ግዢ አቆምን፣ ጥገና አቆምን፣ ሰው መቅጠር አቆምን። መንገዱም ግማሽ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ የገቢ ዓይነት ያለፉት ሦስት ዓመታት የታቀደውና የተሰበሰበው ጎን ለጎን ተደርጎ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ። የንብረት ግብር ብዙ አይዋዥቅም። የፈቃድ ገቢ ከኢኮኖሚው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ድጎማ ደግሞ ለምን ሥራ እንደተሰጠና የአንድ ጊዜ ይሁን በየዓመቱ የሚመጣ መታየት አለበት። በአንድ ጊዜ ድጎማ ቋሚ ሠራተኛ ከተቀጠረ የሚቀጥለው ዓመት ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ወጪው ላይ ትልቁን ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ደመወዝ ነው። እዚያ ውስጥ ክፍት የሥራ መደቦችን ይቁጠሩ። ሰው የሌለበት መደብ የዓመት ሙሉ ደመወዝ ከተያዘለት፣ ያ ገንዘብ ዓመቱ መሃል ላይ ተዛውሮ ሌላ ነገር ይገዛበታል። እናንተ ያላያችሁት ነገር ማለት ነው።

የቀረው አብዛኛው ቁጥር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአምናው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት ነው። ሁሉንም ከዜሮ እናስላው የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሆኑት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዥ ሳሉ ሞክረውታል። ሦስት ሰው ያለው የፋይናንስ ክፍል ግን ሁሉንም ከዜሮ ልሥራ ካለ ወረቀት ውስጥ ይሰምጣል። እኛ በየዓመቱ አንድ ክፍል ብቻ እየመረጥን እንፈትሽ ነበር፤ ያ ይሠራል።

ካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሳሰሉት የሚያዘው) ላይ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይሄ ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጥበቃውን፣ መብራቱን፣ ጥገናውን ማን ይከፍላል? አዲስ ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል። ጥገናው ግን በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነው፤ ቦይ አቤቱታ አያስገባማ።

መጠባበቂያውንም ይዩ። የአሜሪካና የካናዳ የመንግሥት ፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር ቢያንስ የሁለት ወር መደበኛ ወጪ ወይም ገቢ ያህል ይቀመጥ ይላል። ብዙ ትንንሽ ከተሞች እዚያ አይደርሱም፤ ቢሆንም ስንት ወር እንደሚያቆያችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ሕዝቡን ስለማሳተፍ ደግሞ፦ የብራዚሏ ከተማ ፖርቶ አሌግሬ ነዋሪው የኢንቨስትመንት ቅደም ተከተል እንዲመርጥ ማድረግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ጣሪያው ከታወቀ በኋላና ሰነዱ ከመታተሙ በፊት ካልሆነ ሕዝቡን ለጭብጨባ መጥራት ይሆናል።

ለአሁኑ ሁለት ሳምንት አለዎት። የገቢውን ገጽና የግማሽ ዓመት አፈጻጸሙን እዚህ ይለጥፉልን፤ አብረን እናየዋለን።