ሶፍትነሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቦይለሩን አጥፊው

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምትኖር አንዲት እህት ጻፈችልኝ። ቤቷ ያለው 50 ሊትር ቦይለር በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሬዚስታንስ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) በልቷል። ሲሞቅ ውስጡ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። በሻወሩ ሙቁ ውሃ ቀጥኖ ነው የሚመጣው፣ ቀዝቃዛው ግን ደህና ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጣራ ላይ ካለ ሮቶ ነው የሚጠቀሙት፣ ፓምፕ የላቸውም። አንድ ሻጭ "ለቤቱ በሙሉ ሶፍትነር አስገቢና ተገላገይ" ብሏታል፤ ሶፍትነር ከውሃ ውስጥ ኖራን የሚያስቀር ማሽን ነው። እሷም "ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ትላለች። መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመረች፦ ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ እያንጠባጠበ ስላስቸገረ ያለፈው ሠራተኛ በታፖ (በመድፈኛ ክዳን) ዘግቶላታል።

እህቴ፣ ከዚህ መስመር ሳታልፊ ሂጂና ብሬከሩን አውርጂው። ዛሬ ማታ ማንም በሙቅ ውሃ አይታጠብ።

50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ መግቢያው ላይ ያለው መላሽ ከልካይ ይይዘዋል። መውጫው ያቺ ሴፍቲ ቫልቭ ብቻ ናት። ስለዚህ ቦይለሩ ሲሞቅ ጠብ ጠብ ማለቷ ሥራዋ ነው። ብልሽት የሚሆነው ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ሳታቋርጥ ስታፈስ ነው፤ ያኔም ትቀየራለች እንጂ አትደፈንም። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት አንድ ቀን ተጣብቆ ቢቀር ውሃው በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ታንኩ ከተቀደደ ወደ እንፋሎት የሚለወጠው እያንዳንዱ ሊትር ውሃ 1,600 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሴፍቲ ቫልቭ በታፖ የሚደፍን ሰው ቧንቧ ሠራተኛ አይደለም። ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሐሳቤ ወዲያው አንድ ቦታ ነው የሄደው። ቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሙቁ ብቻ ከቀጠነ ጥፋቱ ከሮቶውም ከመስመሩም አይደለም። ቦይለሩ ውስጥ ነው። ድንጋይ ሞልቶታል። የሙቅ መውጫው ኒፕል (አጭሯ የቧንቧ መገጣጠሚያ) ቀዳዳም እርሳስ የማያሳልፍ ሆኗል ብዬ እገምታለሁ። ሠራተኛው ሦስቴ ሬዚስታንስ ሲቀይር ሆዱን አንዴም አልጠረገውም ማለት ነው።

ይህን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። ስኳር ሻይ ውስጥ ስትጨምሪ ሻዩ በሞቀ ቁጥር ስኳሩ ቶሎ ይሟሟል። ኖራ ተቃራኒው ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ኖራው ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ነገሩ የሚጀምረው ከዝናቡ ነው። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ጋዝ ይይዛል፤ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ፉሽ ብሎ የሚወጣው ዓይነት ጋዝ። ጋዝ የያዘ ውሃ ትንሽ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ በኖራ ድንጋይ መሐል ሲያልፍ ድንጋዩን እየበላ ይዞት ይሄዳል። የእኛ ከተማ ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተተከለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋዩን ያገኝ የነበረው ከዚሁ አፈር ነው። ያው ድንጋይ ሟሙቶ ከጉድጓድ ይወጣና ቤትሽ ይገባል። ዓይን አያየውም፣ ውሃው ኩልል ያለ ነው። ስታሞቂው ግን ጋዙ አምልጦ ይሄዳል። ጋዙ ሲሄድ ኖራውን ይዞ የሚያቆየው የለም፤ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። የሚጋገረውም በጣም የሞቀው ቦታ፣ ሬዚስታንሱ ላይ ነው። እንደ ጋቢ ይለብሰዋል። ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጣት ሲያቅተው ሬዚስታንሱ ራሱን ያቃጥላል። የምትሰሚው መንተክተክም ከቅርፊቱ ሥር የታፈነው ውሃ ሲፈላ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ያለውን ነጭ ነገር በጥፍርሽ ፋቂው፣ ያው ራሱ ነው።

ባለፈው ወር የከፈትኩት አንድ ቦይለር ሬዚስታንሱ በቀዳዳው አልወጣ ብሎኝ በካቻቢቴ ጫፍ ቅርፊቱን ስፈነቅል ቆየሁ። ድርብርብ ነው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ በጣት ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ከ50 ሊትር ታንክ ሁለት ጆግ ሙሉ ወጣ። ይህን ምንም ሶፍትነር አያወጣውም። ሶፍትነር ወደፊት የሚመጣውን ነው የሚከለክለው።

ስለዚህ ጽዳቱ ይቅደም። ቦይለሩ ጠፍቶ ይደር። በሚገባ ሲቀዘቅዝ የመግቢያውን ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ዝጊ፣ ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ግፊቱን አስተንፍሺ። ታፖውን የምትነኪው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀስ ብለሽ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርገሽ። ብሬከሩ ወርዶም ቢሆን ሽቦዎቹን በቴስተር ሳታዪ አትንኪ። አቀማመጣቸውን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ውሃው በሙሉ ወርዶ ሲያልቅ ክዳኑን ፈተሽ ሬዚስታንሱን አውጪ፣ ቅርፊቱን በእጅሽ ጠርገሽ አስወጪ፣ በውሃ እጠቢው። ሬዚስታንሱ ካልተቃጠለ ሲትሪክ አሲድ በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ዘፍዝፊው፣ ለአንድ ሊትር 50 ግራም ያህል። የባትሪ አሲድ አይታሰብ። ሲትሪኩንም ሆነ ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር አታገናኚ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ታንኩን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግ ሽቦው ብቻ ከቀረ ቀይሪው። የሙቅ መውጫውን ኒፕልም አውጥተሽ በአዲስ ተኪው።

ዕቃ ስትገዢ በእጅሽ መዝኚ። ገበያው በቀላል ዕቃ ተጥለቅልቋል። ቢጫ የተቀባ ሴፍቲ ቫልቭ አለ፤ ጠርዙን በሞረድ ፋቅ ብታደርጊው ከሥሩ ግራጫ ነው። ናስ እስከ ውስጡ ቢጫ ነው። ሬዚስታንሱም እንደ ሽቦ የቀጠነውን ተዪው፣ ሦስት ጊዜ የገዛሽው እሱን ይመስለኛል። አዲሷ ሴፍቲ ቫልቭ የምትከፈትበት ግፊት ታንኩ ላይ ከተጻፈው አይብለጥ፤ ብዙ ጊዜ 8 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። ከመውጫዋ ቀጭን ቱቦ አስረሽ ወደ ፍሳሹ አውርጂ፣ ጫፉ ክፍት ይሁን። ጠብታው ወለሉን ካላበላሸ ማንም ሊደፍናት አይመኝም። ቴርሞስታቱን 60 ላይ አቁሚው። ከዚያ በላይ ድንጋዩ በፍጥነት ይጋገራል።

ሶፍትነሩን ልግዛ ላልሽው፣ አሁን አትግዢ። ትልቁ ምክንያቴ ግፊት ነው። ከቧንቧሽ በሦስት ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጥሽ 0.3 ባር ነው። አብዛኛው የቤት ሶፍትነር ቢያንስ 1.5 ወይም 2 ባር ይፈልጋል። ማሽኑ ኖራውን ይይዝና በምትኩ ጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ይለቃል፤ ሲጠግብ የጨው ውሃ ስቦ ራሱን ማጠብ አለበት። ግፊት ከሌለ አይስብም። ሳይታጠብ ይቀራል፣ አንቺም በባዶ ጣሳ ውስጥ ውሃ ታሳልፊያለሽ። ሻጩ ይህን ሳይጠይቅሽ ዋጋ መጥራቱ ያሳዝናል።

ሌላው ጨውና ውሃ ነው። ውሃሽ በሊትር 400 ሚሊግራም ኖራ አለው እንበል። 25 ሊትር ሬዚን (ኖራውን የሚይዙት ትናንሽ ፍሬዎች) ያለው ማሽን 2,500 ሊትር ያህል አለስልሶ ይጠግባል። በቀን 500 ሊትር ለሚጠቀም ቤት ይህ በየአምስት ቀኑ ነው። በእያንዳንዱ እጥበት ሦስት ኪሎ ገደማ ጨው፣ በወር 18 ኪሎ። ከመቶ ሊትር በላይ ውሃም ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ቤት ቀላል አይደለም። የአፍዴራ ጨው ይሆናል፣ ግን የታጠበው። ያልታጠበው ጭቃ አለበትና የጨው ውሃ የሚሳብባትን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናታል።

እናትሽ አብረውሽ እንደሚኖሩና የደም ግፊት እንዳለባቸው ጽፈሻል። በዚህ ስሌት የለሰለሰው ውሃ በሊትር 180 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይጨመርበታል። ወደፊት ማሽኑን ብታስገቢ እንኳ የኩሽናው መጠጥ ውሃ ከማሽኑ በፊት ይቀጠል። ሶፍትነር ጀርም አይገድልም፣ ፍሎራይድም አያወጣም፤ "ያጣራል" ቢሉሽ አትመኚ። ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ማግኔትም ብርሽን አታባክኚበት። እኔ ካሰሩት ቤቶች ቦይለር ስከፍት ድንጋዩን እዚያው ነው ያገኘሁት።

ለአንቺ የሚበቃው ቦይለሩ መግቢያ ላይ የሚገጠም ፖሊፎስፌት የሚባል ቀስ እያለ የሚሟሟ ፍሬ ያለበት ትንሽ ፊልተር ነው። ኖራውን አያወጣም፣ እንዳይጋገር ግን ያዘገየዋል። ፍሬዎቹ ሲያልቁ ትሞያለሽ። በዚያም ላይ በዓመት አንዴ ቦይለሩን ክፈቺው። አንድ ቀን ፓምፕ ካስገባሽ ሶፍትነሩን እንደገና እናስበዋለን። ያኔ መጀመሪያ በመለኪያ ስትሪፕ ኖራውን ለኪ። በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ በጣም የበዛ ይባላል። ያንቺ ከዚያ በእጅጉ እንደሚያልፍ እጠረጥራለሁ።

ስትገጥሚ ክዳኑ ላይ አዲስ ጎማ አድርጊ፣ ብሎኖቹን በመስቀል፣ ማለትም ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሽ፣ አጥብቂ። ታንኩ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ሳይወርድ ብሬከሩን አታንሺ፣ ባዶውን ከበራ አዲሱ ሬዚስታንስ በደቂቃ ይሄዳል። ከዚያ በየወሩ የሴፍቲ ቫልቯን እጀታ ከፍ አድርጊና ውሃ መልቀቋን እዪ። ካልለቀቀች በዚያው ቀን ቀይሪያት። በታፖ የደፈነውን ሰው ሌላ ቤት ካገኘሽው ደግሞ ለባለቤቶቹ ንገሪያቸው።